የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል? ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት

ተማሪዎችን ከክፍል አውጥቶ አገር ማሳየት የጥሩ ትምህርት አንዱ ክፍል መሆኑን የማይቀበል መምህር የለም። ተራራን በካርታ ላይ በቡናማ ቀለም ተሥሎ ከማየት ይልቅ ከግርጌው ቆሞ ቀና ብሎ ማየት እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሳይታሰብ ይቀራል። ይኸውም ጉዞው ራሱ፣ እንደ ማንኛውም የትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ዕቅድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ እጩ መምህራን የጉብኝት ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ሲታዘዙ፣ አብዛኞቹ ወረቀታቸውን የሚጀምሩት «መነሻ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ የሚጎበኙትን ሥፍራዎች በተርታ ይዘረዝራሉ። በመጨረሻም «መመለሻ፦ ማታ» የሚል አንድ ቃል ያስቀምጣሉ። የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉዞ ግን መታቀድ ያለበት በተቃራኒው መንገድ ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው የመመለሻው ሰዓት ነው፤ የመነሻው ሰዓትና የጉብኝቱ ርዝመት ከእርሱ ይወጣሉ። ይህ ጽሑፍ አሳቡን የሚያስረዳው ከኬንያዊቱ ሞያሌ ተነሥቶ ማርሳቢት ደርሶ በዚያው ቀን በሚመለስ የተማሪዎች ጉዞ ምሳሌነት ነው።

የመንገዱ ጠባይ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቀመጠች፣ በአንድ ስም የምትጠራ፣ ነገር ግን በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። ኬንያዊቱ ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። የካውንቲው ዋና ከተማ ማርሳቢት ደግሞ ከእርስዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢና ወደ ሞምባሳ የሚወስደው ዋና ጎዳና አካል ሲሆን፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን እንዲዘረጋ የታሰበው የአፍሪካ አቋራጭ መንገድም በዚሁ ያልፋል።

ከሞያሌ የወጣ ተጓዥ ኦዳን አልፎ፣ ወደ ሶሎሎ የሚያስገባውን መገንጠያ ትቶ፣ በዋልዳ በኩል ቱርቢ ይደርሳል። ቱርቢ የመንገዱ እኩሌታ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ደቡብ ታጥፎ ዲዳ ገልገሉ ወደሚባለው ሰፊ ሜዳ ይገባል። እዚህ ላይ «ዲዳ» ማለት በአማርኛ እንደምናውቀው መናገር የማይችል ሰው ማለት አይደለም፤ በቦረና አነጋገር ገላጣ ሜዳ ማለት ነው። በእኛም አገር ዲዳ ሊበን የሚባል ሜዳ አለ። «ገልገላ» ደግሞ በኦሮምኛ ምሽት ማለት ስለሆነ፣ ብዙዎች የሥፍራውን ስም «የጨለማ ሜዳ» ብለው ይፈቱታል። ምድሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ዛፍ አይታይበትም፤ ጥላ የለበትም። ይህን ሜዳ ጨርሶ ቡቢሳን ያለፈ ተጓዥ የማርሳቢትን ተራራ ከፊቱ ያገኛል።

መንገዱ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ይህ ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን፣ በዝናብ ወራት ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። ተሳፋሪው በጭነት መኪና ላይ እቃ ላይ ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜም መኪኖቹ ተሰባስበው በታጠቁ ጠባቂዎች ታጅበው ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የአስፋልቱ ሥራ ሲጠናቀቅ ጉዞው ወደ ጥቂት ሰዓቶች አጠረ። ስለዚህ ከሞያሌ ማርሳቢት ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ በእኛ ዘመን የተገኘ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ዕድሉ አዲስ አደጋ ይዞ መጥቷል። መጥፎ መንገድ ተጓዡን በግድ ጠንቃቃ ያደርገዋል፤ ጥሩ መንገድ ግን «ምን ችግር አለ፣ እንደርሳለን» ያሰኛል።

ከማታ ወደ ጠዋት መቁጠር

ዕቅዳችን የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ በሞያሌ ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ትጠልቃለች? ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 3 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ይቃረባሉ። የኢትዮጵያም የኬንያም ሰዓት የሚለካው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ሞያሌ ግን በ39ኛው ኬንትሮስ ላይ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የ6 ዲግሪ ልዩነት 24 ደቂቃ ይሆናል። በመሆኑም በሞያሌ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው፣ በአማካይ፣ ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ በየወሩ ጥቂት የደቂቃ ልዩነት አለ። ባጠቃላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ40 ባለው መካከል ሲሆን፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለዕቅድ የምንይዘው የባሰውን፣ ማለትም 12 ሰዓት ከ10ን ነው።

ከመጨለሙ በፊት መግባት ለምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያው ምክንያት በፊዚክስ ይገለጻል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት፣ መኪናው 33 ሜትር አልፏል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምሩ 68 ሜትር ነው። ከፊት ለፊት ለሚመጣ መኪና ሲባል አጭር መብራት የበራ እንደ ሆነ ግን ነጂው በግልጽ የሚያየው 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለው 18 ሜትር ከግጭቱ በኋላ የሚጨረስ ርቀት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ በጨለማ የሚሻገረው ግመል ነው። የግመል ገላ ከመብራቱ ጨረር በላይ ስለሚውል ነጂው በቅድሚያ የሚያየው ቀጫጭን እግሮቹን ነው። ሲገጭም እግሩ ይመታና ከባዱ ገላ በመስተዋቱ በኩል ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት እርዳታ ነው። በቱርቢና በቡቢሳ መካከል ጎማ የፈነዳበት ሰው ቀን ከሆነ አላፊ አግዳሚ ያየዋል። ሌሊት ከሆነ ግን የሚቆምለት ጥቂት ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድም በሁሉም ሥፍራ አይገኝም።

እንግዲህ ሂሳቡን ከማታ እንጀምር። ፀሐይ በ12 ሰዓት ከ10 ከጠለቀች፣ ለችግር የሚሆን አንድ ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ትተን በ11 ሰዓት ሞያሌ መግባት አለብን። 250 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲሄዱት 3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይፈጃል። ለፍተሻ ኬላዎችና ለአጭር ዕረፍት የሚሆነውን ስንጨምርበት 4 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዱ የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

ሀ. ሞያሌ መግቢያ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት።
ለ. ከማርሳቢት መነሻ፦ ከቀኑ 7 ሰዓት።
ሐ. ከሞያሌ መነሻ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30።
መ. ማርሳቢት መድረሻ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ30።
ሠ. በማርሳቢት የሚኖረው ቆይታ፦ 2 ሰዓት ተኩል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊደነግጥ ይችላል። ለ2 ሰዓት ተኩል ጉብኝት 8 ሰዓት መንገድ! ነገሩ እውነት ነው። ይህን እውነት በዋዜማው በወረቀት ላይ ማወቅ፣ በማግስቱ በጨለማ መንገድ ላይ ከማወቅ በእጅጉ ይሻላል። መንገዱንም እንደ ባከነ ጊዜ አለመቁጠር ነው፤ ወደ ኋላ እንደምናየው መንገዱ ራሱ ክፍል ነው።

ቀኝና ግራ

ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣ ቡድን ድንበሩን በዋዜማው ተሻግሮ በኬንያዊቱ ሞያሌ ቢያድር ይመረጣል። የሁለቱ አገሮች የድንበር ሠራተኞች በአንድነት የሚያስተናግዱበት የአንድ መስኮት የድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመርቆ መስተንግዶውን ቢያቃልለውም፣ የብዙ ተማሪዎች ወረቀት እስኪታይ የሚያልፈው ጊዜ ከጉዞው ቀን ላይ መቀነስ የለበትም። የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥም ለተማሪዎች የሚያስፈልገውን ሰነድ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መታሰብ ያለበት የመንገድ አጠቃቀም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ስትሆን፣ ኬንያ በግራ ትነዳለች። ይህ ለነጂው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የአውቶቡስ በር የተሠራው በቀኝ በኩል ነው። እንዲህ ያለ አውቶቡስ በኬንያ መንገድ ግራውን ይዞ ሲቆም በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ መካከል ነው። ከበሩ ዘልሎ የሚወርድ ተማሪ በቀጥታ በሚበር መኪና ፊት ያርፋል ማለት ነው። መሪው በግራ የሆነ መኪና ነጂም ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ ከፊት የሚመጣውን ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ የአገሩን መኪና ከአገሩ ነጂ ጋር መከራየት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

ተማሪዎችም በዋዜማው ልምምድ ማድረግ አለባቸው። በኢትዮጵያ መንገድ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ወደ ግራ ያያል፤ በኬንያ ግን ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። ልማድ በአንድ ቀን ስለማይለወጥ፣ ሁለቱንም አቅጣጫ ደጋግሞ ማየትና መምህር ሳይፈቅድ መንገድ አለመሻገር ደንብ ይሁን።

ሰዓትና ቀን

ሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ሰዓት ቢጠቀሙም አቆጣጠሩ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው፤ «ሳአ ሞጃ» ሲል 1 ሰዓት ማለቱ ነው። በቢሮ ወረቀትና በአውቶቡስ ቲኬት ላይ ሲጻፍ ግን ያው ሰዓት 7 ተብሎ ይሰፍራል። ስለዚህ ከነጂ ጋር በቃል «በ1» ተባብሎ መለያየት ብቻውን አይበቃም፤ «ፀሐይ ስትወጣ» ብሎ ማረጋገጥ ይገባል። የቀኑም አቆጣጠር እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው የድንበር ጣቢያ የተመረቀው በእኛ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኬንያ የሚጻፈው ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ተብሎ ነው። ለጉዞው የሚጻፍ ደብዳቤ ሁለቱንም ቀኖች ቢይዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከመነሣት በፊት የሚሟሉ ነገሮች

1. ወረቀት። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የወላጆች ፈቃድ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝርና የመታወቂያዎች ግልባጭ በአንድ ማኅደር ይያዙ። በመንገዱ ላይ የፖሊስ ኬላዎች ስላሉ፣ ማኅደሩን የሚያቀርበው አንድ መምህር ብቻ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል።

2. ውሃ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ይታሰብ። 14 ሰዎች ቢሆኑ 42 ሊትር ማለት ነው። ለመኪናው ራዲያተር የሚሆን ውሃ ለብቻው ይያዝ።

3. ነዳጅ። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ሚኒባስ ለ500 ኪሎ ሜትር 60 ሊትር ይፈልጋል። በሞያሌ ሞልቶ መነሣት፣ በማርሳቢትም እንደገና መሙላት ያሻል።

4. ጎማ። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የሚሠራ ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖራቸው በዓይን ይታይ። «አለ» የሚል ቃል ብቻውን አይታመንም።

5. መኪናው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይሄድና ለየመቀመጫው ቀበቶ እንዲኖር ያዛል። በጊዜው በነበሩት የትራንስፖርት ሚኒስትር ስም «የሚቹኪ ደንብ» እየተባለ ይጠራል። መምህሩ ይህን መብቱን ሊያውቅና ቀበቶ የጎደለውን መኪና ሊመልስ ይችላል።

6. ወሬ። ስለ መንገዱ ሰላም፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎርፉ በዋዜማው ከካውንቲው አስተዳደርና ከፖሊስ ይጠየቅ። ዋናዎቹ የዝናብ ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች እስከ ሜይና ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ናቸው።

7. ተጠባባቂ። ዕቅዱን በጽሑፍ የያዘ አንድ ሰው በሞያሌ ይቅር። ቡድኑ ቱርቢና ማርሳቢት ሲደርስ፣ ሲመለስም እንዲሁ ይደውልለት።

ለማርሳቢት አንድ ዓላማ

በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁሉን ለማየት የሚሞክር ምንም ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ነገር ይመረጥ። ማርሳቢት ከበረሃ መካከል ብቻውን የቆመ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ጫፉ 1,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጉምና ዝናብም ይሆናል። ዙሪያው ደርቆ ሳለ አናቱ ጥቅጥቅ ባለ ደን የተሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ለጂኦግራፊ ተማሪ ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ የለም።

በደኑ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ፓርክ የታወቀውን የገነት ሐይቅ ይዟል፤ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በልዩ አዋጅ ያስጠበቁት አሕመድ የተባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆንም የኖረው በዚሁ ነበር። አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ፤ ቅርጹ በናይሮቢ ሙዚየም ይታያል። ይሁን እንጂ የፓርኩ የውስጥ መንገድ ሸካራ ስለሆነ ጊዜ ይበላል፤ ሲዘንብም ያንሸራትታል። ለአንድ ቀን ጉዞ የሚስማማው ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በመንገዳችን አቅራቢያ ያለው ጎፍ ሬዶ የተባለው ጥልቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ተማሪዎች ከዳር ሆነው ቅርጹን ይሥላሉ፤ ከዚያም ከተማ ገብተው ይመገባሉ። ጠርዙ ገደል ስለሆነ መምህሩ ማንም የማያልፈውን መስመር አስቀድሞ ያመልክት።

በመንገድ ላይም ሥራ አይጠፋም። ቴርሞሜትር የያዘ ቡድን በሞያሌ፣ በቱርቢ፣ በቡቢሳና በማርሳቢት ሙቀቱን ይመዝግብ፤ ሌላው ዛፉ ተለውጦ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ጠፍቶ ድንጋይ፣ ድንጋዩ አልፎ እንደገና ደን የሚሆንበትን ኪሎ ሜትር ይጻፍ።

የሰው አገር መሆኑን አለመርሳት

ይህ ምድር ባዶ አይደለም። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ሬንዲሌው፣ ገሪውና ሌሎችም ይኖሩበታል። ቦረናና ቡርጂን ከወዲህም ከወዲያም እናገኛቸዋለን። በድርቅ ጊዜ ግን ለውሃና ለግጦሽ የሚደረገው ሽሚያ ብዙ ደም አፍስሷል። የምናርፍባት ቱርቢ ራስዋ ጁላይ 12 ቀን 2005 በተፈጸመባት ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተውባታል፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2006፣ ለሰላም ንግግር ወደ ማርሳቢት ይበሩ የነበሩ የመንግሥት ሰዎችን የያዘ አውሮፕላን በመጥፎ አየር ምክንያት ተራራው ላይ ወድቆ 14 ሰዎች ሞቱ። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦናያ ጎዳና ከሞቱት አንዱ ነበሩ።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በዋዜማው ሊነግራቸው ይገባል። የሚነግራቸው ለማስፈራራት አይደለም፤ እነሱን በሚያህሉ ልጆች ላይ የደረሰውን አውቀው በአክብሮት እንዲያልፉ ነው። ሳያስፈቅዱ ሰው ፎቶግራፍ አለማንሣት፣ ወታደርና ኬላ ጨርሶ አለማንሣት፣ ስለ ጎሣ በቀልድ አለመናገር የጉዞው ሕግ ይሁን።

የመመለሻው ውሳኔ

ከሁሉ የሚከብደው ዕቅድ ሲሰናከል የሚሰጠው ውሳኔ ነው። መኪናው ዘግይቶ መጣ፤ ጎማ ፈነዳ፤ ኬላው ላይ ወረፋ በዛ እንበል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ተማሪዎቹ ጓጉተዋል፤ ነጂው «ፈጠን ብዬ አካክሰዋለሁ» ይላል። በዚያ ሰዓት «እንመለስ» ማለት ለመምህሩ እንደ ሽንፈት ይታየዋል። ስለዚህ ውሳኔው መሰጠት ያለበት በመንገድ ላይ ሳይሆን በዋዜማው፣ በረጋ መንፈስ ነው።

በምሳሌያችን ቱርቢ የምንደርሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ ነው። ብንዘገይና 4 ሰዓት ላይ ብንደርስ ማርሳቢት የምንገባው በ6 ሰዓት ነው፤ የሚተርፈንም አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ጉብኝት ምሳ በልቶ ከመመለስ አያልፍም። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ቱርቢን እስከ 4 ሰዓት ካላለፍን ከዚያው እንመለሳለን። ከማርሳቢትም ከ7 ሰዓት በኋላ አንቆይም።» ይህ ቃል ለነጂው፣ ለተማሪዎቹና ለወላጆቹ አስቀድሞ ይነበብ። ሁሉም ያወቀው ደንብ ሲፈጸም የሚያዝን ይኖር ይሆናል፤ የሚከራከር ግን አይኖርም።

ተራራው የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ይጠብቀናል። ወላጅ ልጁን ለመምህር አደራ የሚሰጠው ግን ማታ ሊቀበለው ነው። መልካም ዕቅድ ማለትም ይህን አደራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍ ዕቅድ ነው።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አንድ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ነጂው ፍሬን ለመርገጥ 1 ሴኮንድ ተኩል ቢወስድበት፣ ፍሬኑ ከመያዙ በፊት ስንት ሜትር ይጓዛል? የ50 ሜትር መብራት ይበቃዋልን?

2. የምትኖሩበት ከተማ በስንተኛው ኬንትሮስ ላይ ይገኛል? ፀሐይ አናት ላይ የምትደርስበትን አማካይ ሰዓት በሞያሌ ምሳሌ መሠረት አስሉ።

3. ከከተማችሁ በአንድ ቀን ደርሳችሁ ልትመለሱበት የምትችሉትን አንድ ሥፍራ መርጣችሁ፣ ከመግቢያው ሰዓት ጀምራችሁ ወደ መነሻው በመቁጠር ዕቅድ አውጡ። የመመለሻ ውሳኔ የሚሰጥበትን ሥፍራና ሰዓትም ጻፉ።